ሁለት ጉንጭ ውሃ

እማማ ኪሙሊ ነብር አይፈሩም፣ የተራራ ብርድ አይፈሩም፣ የልጃቸውን የጂፕ አነዳድ እንኳ አይፈሩም። አንድ ነገር ብቻ ይፈሩ ነበር፤ በደረቅ አፍ መሞትን። በራውልጋድ መንደር ነፍስ ልትወጣ ስትል ከተቀደሰው የጋንጋ ወንዝ የተቀዳ ውሃ በከንፈር ላይ ጠብ ይደረጋል፤ የበሶብላ ዘመድ የሆነችው ቱልሲም ቅጠሏ ተቀንጥሶ በምላስ ላይ ይቀመጣል። ይህን ሳያገኝ የሄደ ሰው፣ እማማ ኪሙሊ እንደሚሉት፣ ወዲያ ማዶም ሲጠማ ይኖራል። የገዛ እናታቸው ሣር ሲያጭዱ ከገደል ወድቀው፣ አፋቸው አፈር ሞልቶ ነው የተገኙት። ልጅ ሆነው ያዩትን ያንን አፍ እስከ እርጅናቸው አልረሱትም።

ስለዚህ በጸሎቱ መደርደሪያ ላይ፣ ከአማልክቱ ሥዕል ግርጌ፣ አፏ በሰም የታሸገ አንዲት ትንሽ የነሐስ ገንቦ ተቀምጣ ነበር። ልጃቸው ቲካራም ወንዙ ዳር እስካለችው ቅድስት ከተማ እስከ ሃሪድዋር ድረስ ሄዶ ያመጣላቸው የጋንጋ ውሃ ነው። ክረምቱ ደረታቸውን ይዞ አልጋ ላይ ከጣላቸው ወዲህ፣ ሲነጋ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚፈልገው እሷን ነበር። አለች? አለች። እንግዲያው ሻይ ይምጣ።

እሳቸውንም ገንቦዋንም የመጠበቁ ሥራ የምራታቸው የሂራ ነበር። ሂራ እዚህ ቤት ከተዳረች ስንት ዝናብ ዘንቧል፤ ልጅ ግን አልመጣም። በዚያ አገር ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፤ የወለደች «የእገሌ አባት» ትላለች። ሂራ የምትጠራበት የልጅ ስም ስላልነበራት ባሏን «ይሰሙኛል?» እያለች ነበር የምትጠራው። ጎረቤቷ ፓሩሊ ለዚህ ምላሷን ስላ ነው የምትጠብቃት። «ያቺ ‹ይሰሙኛል› መጣች፤ ቦታ ልቀቁላት» ትላለች ምንጭ ዳር፣ ሴቶቹም ይስቃሉ።

ቲካራምን ክፉ ነው የሚል የመንደር ሰው የለም። ከከተማ መንደር በሚያመላልሳት ጂፑ ላይ ለአሮጊት የፊት ወንበር ይለቃል፤ ለበዓል ይለግሳል። አረቄ ቢጤ የቀመሰ ዕለት ግን «የወንድምሽን ቤት መንገድ እንዳትረሺው» ይላታል ሚስቱን። ያን ጊዜ ከአልጋቸው ሆነው የሚጮኹት እናቱ ናቸው።

«እኔ እየተነፈስኩ ይቺ ልጅ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አትልም! ስሞትም ውሃዬን የምታጠጣኝ እሷ ናት። ውሃ ያጠጣ ደግሞ ልጅ ነው፤ ልጅ ከቤት አይባረርም። ሰማህ?»

ቲካራም ይሰማል፤ ድምፁም ይጠፋል። እማማ ኪሙሊም ወዲያው ወደ ሂራ ዞረው፣ ደግነታቸው እንዳይታወቅባቸው የፈሩ ይመስል፣ «ሻይሽ ውሃ፣ ምስርሽ ውሃ! ለሞቴም ውሃ የምታጠጪኝ አንቺ መሆንሽ ምን ይገርማል» ይሏታል። ሂራ ስድቡን ትቀበላለች። በዚህ ቤት የመኖር መብቷ በዚያች ገንቦ ውስጥ ታሽጎ መቀመጡን ታውቃለችና።

ልጅቷ የመጣችው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ሣሩ መብሰል በጀመረበት ሰሞን ነው። ቲካራም የላይኛውን ክፍል ኖራ ቀብቶ ለእንግዳ ማከራየት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው መጥቷል፤ ተማሪ ግን እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች። ከናግፑር ነው የመጣችው፤ ከሜዳው፣ ከሙቀቱ አገር። የተራራ ምንጮች ለምን እንደሚደርቁ ታጠናለች። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች፣ ሲበርዳት አፍንጫዋ የሚቀላ ልጅ ናት። እማማ ኪሙሊ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ አልጋቸው አጠገብ አስጠሯት።

«ማን ትባያለሽ?»

«ሱጃታ።»

«ሱጃታ የማን?»

«ሱጃታ ብቻ ይበሉኝ፣ ኢጃ» አለች ልጅቷ። ኢጃ በተራራው ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ መንገድ ላይ ከቲካራም ተምራው ነበር። አሮጊቷ በቃሏ ደስ አላቸውና የአባቷን ስም ረሱት።

«አባትሽ ምን ይሠራል?»

«አስተማሪ ነው።»

«ሥጋ ትበያለሽ?»

«አልበላም።»

«እንቁላልስ?»

«እሱንም አልለመድኩትም።»

እማማ ኪሙሊ ፍርዱን እንደጨረሰ ዳኛ ወደ ሂራ ዞሩ። «አየሽ? አባቷ አስተማሪ፣ አፏ ንጹህ፣ ጣቷ ረጃጅም። ብራህሚን ናት! እንደኛው ናት። ዘር ከልጓም ይስባል ይሉሻል ይሄ ነው። ነይ ልጄ፣ እሳቱ ጋ ተቀመጪ።»

ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብራህሚን የካህናት ዘር ነው፣ ከሌላ ዘር ጋር ማዕድ አይቀርብም። በዚያ ቤት እንግዳ የሚበላው በረንዳ ላይ ነው፤ ሳህኑም ለብቻው ይታጠባል። ከባሕር ማዶ የመጡት ፈረንጆች እንኳ ከማድ ቤቱ ደጃፍ አላለፉም። ሱጃታ ግን በመጀመሪያው ምሽት ምድጃው ዳር ተቀምጣ የዳጉሳ ቂጣ በቅቤ በላች። ልጅቷ ለምን ዝም አለች ቢሉ፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስና በጂፕ ተንገላታ መጥታለች፤ ደክሟታል፤ እሳቱ ደግሞ ሞቃት ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ መናገሪያው ጊዜ አለፈ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

እያደር አሮጊቷ ልጅቷን ወደዷት። ጠዋት ተሸክማ ፀሐይ ላይ የምታወጣቸው እሷ ሆነች፤ እግራቸውን በሰናፍጭ ዘይት የምታሸውም እሷ። ስለ ሞታቸውም እንደ ሠርግ ድግስ አጫወቷት። «ሰሙን በጥፍርሽ ነው የምትቧጭሪው፤ ጥርስ አይነካውም። ቱልሲዋን ከደጅ ካለችው ትቀነጥሻለሽ። ሂራ ደንግጣ ብትረሳ አንቺ አስታውሻት፤ እሷ እንደሆነ ስትደነግጥ ስሟንም ትረሳለች።»

ሂራም ወደደቻት። አንድ ቀን አብረው ምስር ሲለቅሙ ሱጃታ «ዲዲ፣ አንቺ ግን ምን ትወጃለሽ?» አለቻት። ዲዲ፣ ታላቅ እህቴ፣ ማለቷ ነው። ይህን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እናቷም ብትሆን። እስከ ማግስቱ አሰበችበትና ውሃ ስትቀዳ «ፀሐይ እስክትወጣ መተኛት» ብላ መለሰችላት። ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ።

እውነቱ የወጣው በምንጭ ውሃ ምክንያት ነው። ራውልጋድ ሁለት ምንጭ አላት፤ የላይኛው የብራህሚኖቹ፣ የታችኛው የታች ሰፈሮቹ። ታች ሰፈር ከበሮ መቺዎቹና ብረት ቀጥቃጮቹ የሚኖሩበት ነው፤ ከበሯቸው ለሠርግ ይፈለጋል፣ ማጭዳቸው ለሣር ይፈለጋል፣ እጃቸው ግን አይፈለግም። ሱጃታ ሁለቱንም ምንጮች ትለካ ነበር። አንድ ቀን ጫማዋ ርሶ ወደ ማድ ቤት ስትገባ፣ ሂራ ሊጥ እያቦካች «የታቹን ውሃ እንዳትጠጪ ብቻ» አለቻት።

«ጠጥቻለሁ።» ሱጃታ ተቀመጠች። «ዲዲ፣ ልንገርሽ። ከመጣሁ ጀምሮ ሆዴን እየበላኝ ነው። እኔ ብራህሚን አይደለሁም። ዳሊት ነን፤ አትንኳቸው የሚባሉት ዘሮች። አያቴ የሞተ ከብት ከመንደር እየጎተተ የሚያወጣ ሰው ነበር። አሁን ልወጣ ብትይኝ እወጣለሁ፤ አልቀየምሽም።»

የሂራ እጅ ሊጡ ውስጥ ቆመ። ምድጃውን አየችው፤ ልጅቷ የተቀመጠችበትን ምንጣፍ አየችው፤ የአማቷ እግርና የሰናፍጩ ዘይት ትዝ አላት። ከጓዳ የእማማ ኪሙሊ ሳል ተሰማ። «ማን ሰማሽ?» አለች በሹክሹክታ።

«ማንም።»

«እንግዲያው ማንም አይስማ። ብዪ አሁን፤ ቂጣው ይቀዘቅዛል።»

ትኩሱን ቂጣ ከምጣዱ አንስታ ሳህኗ ላይ ጣለችላት። ጣለችላት፤ ትናንት በእጇ ታቀብላት የነበረውን ዛሬ ከላይ ለቀቀችው። እጇ ሳትጠይቃት በራሱ ከፍ ብሎ ነበር፤ ከልጅነቷ የተማረውን። ሁለቱም አዩት። ሂራ ፊቷ ጋለ፤ ቀጣዩን ቂጣ በሁለት እጇ ይዛ ልጅቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። ሱጃታ በላችው።

ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው ሂራ። የምትጠላው ሰው ምሥጢር ቢሆን አንድ ቀን አያድርም ነበር።

የመንደሩ ደን ለሣር የሚከፈተው በዓመት ለጥቂት ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ያላጨደ ቤት ከብቱ በበረዶ ወራት ሲያልቅ ቁጭ ብሎ ያያል። የመጨረሻው ቀን ጠዋት ፓሩሊ ማጭዷን ወገቧ ላይ ሽጣ ከደጅ ተጣራች። «አንቺ ይሰሙኛል! ዛሬም አሮጊት ታቅፈሽ ልትውዪ ነው? ያቺን የምታልቢያትን ጎሽ የጸሎት መጽሐፍ ልታበዪያት ነው?»

ሂራ አመነታች። ቲካራም ከተማ ነው። «ኢጃን ለብቻቸው አንድም ቀን ትቼ አላውቅም» አለች።

«እኔ ቁጭ ብያለሁ እኮ» አለች ሱጃታ። «ሂጂ ዲዲ። ዛሬ ምንጭ አልወርድም።»

እማማ ኪሙሊ ከፀሐዩ ላይ ሆነው እጃቸውን አወናጨፉ። «ሂጂ፣ ሂጂ! ዛሬ አልሞትም፤ ፊትሽን እያየሁ እንድሞት ነው የተጻፈብኝ። ጎሿ ስትራብ እኔን ነው የምትረግመኝ።»

ሂራ ሄደች። ቀኑ ብሩህ ነበር፤ ሴቶቹ በገደሉ ወገብ ላይ ተደርድረው ያጭዳሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይሳደባሉ። ሂራም ከስንት ጊዜ በኋላ ዘፈነች። ሁለት ሸክም አስራ አስቀምጣ ሦስተኛውን ስትጀምር ከማዶ አንድ ሰው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሲጣራ ተሰማ። በዚያ ተራራ መርዶ እንደዚያ ነው የሚመጣው። «የቲካራም ቤት ሆይ! ሂራ! ግቢ! ቤትሽ ግቢ!»

ሣሩን ጥላ ሮጠች። ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። በአእምሮዋ የነበረው የአሮጊቷ ሞት አልነበረም፤ ደረቅ አፍ ነበር። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እያለ ልቧ ይመታል።

እማማ ኪሙሊ በግቢው ምንጣፍ ላይ ተዘርግተዋል፤ ራሳቸው ሱጃታ ጭን ላይ ነው። ልጅቷ መነጽሯ ወልቆ ታለቅሳለች። ገንቦዋ አጠገቧ ናት፤ ሰሙ ተቧጭሯል።

«ደረቴን አሉኝ» አለች ሱጃታ። «ሰው ልጥራ ስላቸው እጄን ይዘው አለቀቁኝም። በጣታቸው ወደ ውስጥ ጠቆሙ፣ ወደ ገንቦዋ። ሰሙን በጥፍሬ ፋቅሁት ዲዲ፣ እንዳሉኝ። ሁለት ጉንጭ ውሃ ዋጡ፤ ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ቱልሲዋን ምላሳቸው ላይ ሳደርግላቸው… ሳቁልኝ መሰለኝ።»

ሂራ አማቷ እግር ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ለቅሶዋ የእውነት ነበር፤ ከሥሩ ግን አንድ ትልቅ እፎይታ ተኝቶ ነበር። ጠጥተዋል። እኔ ባልኖርም ጠጥተዋል።

ቲካራም ተሳፋሪዎቹን አስፋልት ዳር አራግፎ መጣ። ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ሴቶቹ ሬሳውን አጥበው፣ አገጩን በነጭ ጨርቅ አስረው፣ ቃሬዛው ላይ አስተኝተውታል። እናቱን ሳይነካ በፊት የሚስቱን ክንድ ጨመደደ።

«የት ነበርሽ?»

«ሣር… የመጨረሻው ቀን ስለነበር…»

«ውሃውን ማን ሰጣት? ማን ሰጣት ነው የምልሽ!»

«ሱጃታ» አለች ሂራ። «ሱጃታ ሰጥታቸዋለች። በሥርዓቱ ነው ያደረገችው፣ ይጠይቋት።»

የቲካራም እጅ ላላ። ወደ ልጅቷ ዞረ። ከዚያ ያ ጠጉሩ የሸበተ ሰውዬ፣ መንደሩ ሁሉ እያየው፣ ጎንበስ ብሎ ግንባሩን እግሯ ላይ አደረገ። «ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ነሽ» አለ እየተንሰቀሰቀ። «የናቴን ጥማት የቆረጥሽ ነሽ። ይሄ ቤት ቤትሽ ነው።» ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው «ምን ዓይነት ልጅ ናት፣ እግዜር የላካት» አሉ። ፓሩሊ ሳትቀር አለቀሰች። ሂራን የት ነበርሽ ብሎ ዳግመኛ የጠየቃት የለም።

የመንደሩ ካህን ፓንዲት ዳሞዳር ዘግየት ብለው፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ ደረሱ። ጸሎቱን ከመጀመራቸው በፊት እንደ ወጉ «ውሃ ያጠጣው ማነው?» ብለው ጠየቁ፤ የአጠጪው ስምና የዘር ሐረግ በጸሎቱ ይጠራልና። ቲካራም በኩራት ሱጃታን አመለከተ።

«የማን ልጅ ነሽ? ሐረጋችሁ ከየትኛው አባት ነው?»

ሱጃታ ዝም አለች። ሰው ሁሉ ለቅሶው ያነቃት ስለመሰለው ታገሳት። ሂራ ግን ምክንያቱን አወቀች። በዚያ አገር ሐረጉን የማያውቅ ሰው «ካሽያፕ ነኝ» ይላል፤ ካሽያፕ የሁሉ አባት ነው ስለሚባል ከዚያ ወዲያ የሚመረምር የለም። አንዲት ቃል ናት። ካሽያፕ በይ፣ በይና እንገላገል፣ ስትል በዓይኗ ለመነቻት። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች።

«ካሽያፕ ናት» አለች ሂራ ከሴቶቹ መሐል። በሕይወቷ ወንዶች ባሉበት ሳትጠየቅ ተናግራ አታውቅም። «ነግራኛለች። ካሽያፕ ናት።»

«ካሽያፕ» አሉ ፓንዲቱ፤ እጃቸውን ለጸሎት አነሱ።

«አይደለሁም።»

ልጅቷ ቀና ብላ ነበር። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ለኢጃ በስሜ የሚጸለይ ከሆነ በእውነተኛው ስሜ ይሁን። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ስሙን እየደበቀ ቤት ሲከራይ ኖሯል። እኔ በሬሳ ላይ አልደብቅም። ዳሊት ነኝ። እሳቸውን ግን እንደ አያቴ ነው የወደድኳቸው።»

እውነት መናገሯ ደግ ነው፤ ማን ክፉ ነው ይላል? ግን ዕዳው የማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ አላየችም፤ ወጣት ናት፣ የሚታያት የራሷ ሸክም ብቻ ነበር። ቲካራም እጁን አነሳና ግንባሩን፣ ያንን እግሯን የነካውን ግንባሩን፣ በእጅጌው ጠረገው። ደግሞ ጠረገው። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ነግራኛለች አልሽ?»

መንደሩ ሁሉ ሂራን አየ። ሂራ ደግሞ የወንድሟን ቤት አየች፤ የወንድሟን ሚስት፣ የበረንዳውን ጥግ፣ እስከ ዕለተ ሞቷ የምትበላውን የትርፍራፊ እንጀራ። ውሃ ያጠጣ ልጅ ነው ያሉላት አፍ በነጭ ጨርቅ ታስሯል። አሁን ከዚያ ቤት ጋር የሚያስራት የቀራት ነገር ቢኖር ምላሷ ብቻ ነበር። ምላስ ደግሞ አጥንት የላትም።

«እኔንም አታላኛለች!» ብላ ጮኸች። «ካሽያፕ ነኝ አለችኝ፣ በአማልክቱ እምላለሁ! እኔ ምን አውቄ? እሳቴ ዳር ተቀምጣ፣ እህል ውሃዬን በልታ… አታለለችኝ!»

«ውይ ውይ ውይ» አለች ፓሩሊ።

ሱጃታ ሂራን አየቻት። አንድ ቃል ብትናገር ሂራ አለቀላት። በሬሳ ላይ አልደብቅም ያለችው ያቺው ልጅ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ለሂራ ስትል ደበቀች። «አዎ» አለች ቀስ ብላ። «እሷ አታውቅም።» ከዚያ ቦርሳዋን ልታመጣ ወደ ላይኛው ክፍል ወጣች።

ፓንዲት ዳሞዳር በችግሩ ላይ ብዙም አልቆዩም፤ ሥርዓት ለሁሉም መድኃኒት አለው። ገንቦዋ ተነክታለች፣ ትጣል። ሌላ የጋንጋ ውሃ ከፓሩሊ ቤት ይምጣ። የሟቿ አፍ ያነጻል በሚባለው የላም ሽንት ታጥቦ እንደገና ውሃ ይጠጣ። ሴትን ሴት ናት የምታጥበው።

«እጠቢ» አለ ቲካራም ሂራን፤ ፊቷን ሳያይ። «የሣርሽን ዋጋ እጠቢ።»

ሂራ ተንበረከከች። የአገጩን ጨርቅ ፈታች። አፉ ገና አልደነደነም ነበር፤ በሁለት ጣቷ ከፈት አደረገችው። ውስጡ እርጥብ ነበር። ከምላሱ ላይ ቱልሲዋ ተኝታለች፣ አረንጓዴ፣ ጠዋት ከደጅ እንደተቀነጠሰች። «እኔ እየተነፈስኩ» ይልላት የነበረው ይህ አፍ ነው። ጠጥተው ነበር፤ አሁን የጠጡትን እየቀማቻቸው ያለችው እሷ ናት። ሰው እያያት ስለሆነ እጇ አልዘገየም። ቅጠሏን በጥፍሯ አንስታ አፈር ላይ ጣለች፣ ሽንቱን አፈሰሰች፣ በጨርቅ ጠረገች። ከዚያ የፓሩሊን ውሃ አጠጣቻቸው፤ ውሃው በአገጫቸው በኩል ተመልሶ ወረደ። የሞተ አይውጥም።

ቀና ስትል ሱጃታ ቦርሳዋን አዝላ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ሁሉንም አይታለች። ሰዉ እንዳይነካት ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀላት።

«ዲዲ» አለች ስታልፍ፣ ለሂራ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ጠጥተዋል እኮ።»

ሂራ ሽንት የነካውን እጇን ይዛ ጀርባዋን ሰጠቻት።

ውሸቱ ከአንድ የበረዶ ወራት የበለጠ ዕድሜ አልሰጣትም። የኀዘኑ ወራት እስኪያልቅ ቲካራም ዝም አለ፤ እንደ በፊቱ ጠጥቶ እንኳ አልተሳደበም፣ ያ ነበር የሚያስፈራው። በረዶው ቀልጦ ሙቀቱ ሲገባ፣ አንድ ጠዋት ሻዩን ሳይነካ «እናቴ በደረቅ አፏ ነው የሞተችው» አለ። «ውሃ ያጠጣ ልጅ ነው ትል ነበር። አንቺ አላጠጣሽም። ሣር ላይ ነበርሽ።» ወንድምሽ ቤት በጂፕ ላድርስሽ እንኳ አላላትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ አለች ፓሩሊ ምንጭ ዳር።

ሂራ ጓዟን በጨርቅ ቋጥራ፣ ሰው እንዳያያት በታች ሰፈር በኩል ዞራ ሄደች። ፀሐዩ ከባድ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ አፏ ላይ ምንም አልዞረም። የታችኛው ምንጭ ጋ ስትደርስ ቆመች። የምንጩ ቧንቧ ደርቋል። ልጅቷ በዚህ ዓመት ይደርቃል ብላ ነበር፤ ማን ሰማት። የአንድ ከበሮ መቺ ሚስት ከድንጋዩ ሥር ጠብ የሚለውን በጣሳ እየለቃቀመች አንድ እንስራ አገባድዳለች። ሂራን ስታይ እንስራዋን አቅፋ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ውሃ» አለች ሂራ፤ ተቀምጣ ሁለት መዳፏን ገጥማ ዘረጋች። «ትንሽ አፍስሺልኝ፣ እህቴ።»

ሴትዮዋ ግራ ቀኙን አየች፤ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «ይቅር ይበሉኝ እመቤቴ። ያቺ የከተማ ልጅ ውሃ በማጠጣቷ ምን እንዳደረጋችኋት ሰምተናል። እኔ የምሄድበት ሌላ አገር የለኝም።»

እንስራዋን አዝላ ዳገቱን ወጣች። ሂራ መዳፏን ገጥማ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ጓዟን አንስታ በደረቅ አፏ መንገዷን ቀጠለች።